የምናስታውሰው አንሶ እንጂ በዝቶ አይደለም

ሰሞኑን ስለ ቀድሞ ስፖርተኞቻችን የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ሐሳቡ ባጭሩ፣ ስለ ድሮ ጀግኖች ማውራት ይብቃን የሚል ነው። ጸሐፊው ምክንያት ብሎ የደረደራቸው እነዚህ ናቸው። ስለ አበበ ቢቂላ፣ ስለ ማሞ ወልዴና ስለ ምሩጽ ይፍጠር እስኪታክተን ሰምተናል። በባዶ እግር የመሮጡ ታሪክ የድህነታችን ማስታወቂያ ሆኗል። የዚያን ጊዜ ሰዓት በዛሬ ሚዛን ደካማ ነው፤ ፉክክሩም የሳሳ ነበር። ከሩጫ ውጪ የሚታወስ የለንም። መታሰቢያ ማለት ውዳሴ ነው። ለመታሰቢያ የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ ለታዳጊዎች ቢውል ይሻላል።

ጽሑፉ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊውም ለስፖርታችን እንደሚቆረቆር ያስታውቃል። ለዚህም ነው መልስ መጻፍ የፈለግኩት። እኔ ግን የማየው ተቃራኒውን ነው። እነዚህን ሰዎች በስም እናውቃቸዋለን፤ የሠሩትን ግን አናውቅም። ነገሩን አንድ በአንድ ላንሳው። ዓመቶቹን የምጽፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ሰምተን ሰምተን ሰለቸን ለሚለው፣ እስቲ የሰማነውን እንቁጠረው። አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ከዚህ በላይ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ፤ ብዙ አታገኙም። ሩጫው ራሱ ግን እንዲህ ነበር።

ዕለቱ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ሙቀቱን ለመሸሽ ውድድሩ ወደ ማታ ተጀመረ፤ ያለቀውም በጨለማ ነው። በጥንቱ የአፒያ መንገድ ላይ ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። አበበ የለበሰው 11 ቁጥርን ነው። ተጠንቀቀው የተባለው ተፎካካሪ ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ነበር፤ ቁጥሩም 26 ነው ተብሎ ተነግሮታል። ራዲ ግን በዚያ ምሽት 185 ቁጥር ለብሶ ወጣ። አበበ 26 ቁጥርን በዓይኑ እየፈለገ ይሮጣል። ከጎኑ ያለው ባለ 185 ቁጥር ደግሞ አልላቀቅ ብሎታል። የሚፈልገው ሰው ከፊት ያለ መስሎት ለብዙ ኪሎ ሜትር ከዚያው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ሮጠ። ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ ፖርታ ካፔና አደባባይ ደረሱ። የፋሺስት ጦር ከአክሱም የወሰደው ሐውልት የቆመው እዚያ ነበር። አበበ ተስፈንጥሮ የወጣው እዚያ ጋ ነው። ቦታውን እሱና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን መንገዱን ሲቃኙ አስቀድመው መርጠውት ነበር። ከዚያ በኋላ ራዲ አልደረሰበትም። አበበ በ25 ሰከንድ ቀድሞ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። ለጥቁር አፍሪካ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ የተገኘው አገር ቤት አዲስ ዓመት ሊጠባ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ነው።

ይህን ታሪክ ሰምቶ የታከተው ሰው እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም። ያጋጠሙኝ ያልሰሙት ናቸው። በዚያው ምሽት አበበ ዋቅጅራ የሚባል ሌላ ኢትዮጵያዊ 7ኛ ሆኖ መግባቱንስ ስንቶቻችን እናውቃለን? ከአበበ ቢቂላ በፊት በሠራዊቱ ውስጥ ስሙ የገነነው ሯጭ ዋሚ ቢራቱ እንደነበረስ? ፋጡማ ሮባን ደግሞ ጸሐፊው ጨርሶ አላነሳትም። ሐምሌ 21 ቀን 1988 አትላንታ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት እሷ ናት። ሁለተኛዋን የቀደመቻት በሁለት ደቂቃ ነው። ከዚያ ቦስተንን በ1989፣ በ1990 እና በ1991 በተከታታይ አሸነፈች። ይህን ሁሉ ያደረገች ሴት ስሟ ስለሚሰለቹን ጀግኖች በተጻፈ ዝርዝር ውስጥ እንኳ ካልገባ፣ ትዝታ በዛብን ማለት ከየት መጣ?

ስለ ባዶ እግሩ ጸሐፊው የሚያነሳው ቅሬታ ይገባኛል። ያ ፎቶ በውጭ አገር ሰዎች እጅ ገብቶ ጫማ መግዣ ያጣ ሯጭ ተደርጎ ሲነገር እኔንም ያመኛል። መፍትሔው ግን ታሪኩን መተው አይደለም፤ በትክክል መንገር ነው። አበበ ጫማ አጥቶ አልነበረም። የክብር ዘበኛ ወታደር ነው፤ ጫማም ቀርቦለት ነበር። የተሰጠው ጫማ ግን አልተመቸውም። በልምምድ ደግሞ በባዶ እግር መሮጥ ለምዷል። ከአሠልጣኙ ጋር ተመካክሮ የሚበጀውን መረጠ። በድህነት አሳብቦ የሚያወራ ካለ ጥቅምት 11 ቀን 1957ን ያስታውስ። ቶኪዮ ላይ አበበ ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ የሮሙንም ሰዓት በሦስት ደቂቃ አሻሻለው። ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጦ ስታዲየሙ ገባና ሜዳው ላይ ተንጋሎ እግሩን ወደ ላይ እያነሳ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ሁለተኛው ሯጭ የመጣው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው። በኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። እኔ ብሆን ከሮሙ ፎቶ ጎን ይህንን የቶኪዮውን እሰቅል ነበር።

የሰዓቱ ክርክር ነው ትንሽ ያበሳጨኝ። ጸሐፊው የአበበን የሮም ሰዓት ዛሬ ካለው ክብረ ወሰን ጋር ያስተያይና ልዩነቱ ወደ 15 ደቂቃ ነው ይላል። ሒሳቡ ትክክል ነው። ግን ምን ያሳያል? ሯጭ የሚለካው አብረውት ከቆሙትና ከሱ በፊት ከነበሩት ጋር ነው። ከሮም በፊት የኦሊምፒኩ ክብረ ወሰን የቼኮዝሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ ሄልሲንኪ ላይ የሮጠው 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ነበር። አበበ ከዚያ ላይ ወደ ስምንት ደቂቃ ቆርጧል። የዓለሙን ፈጣን ሰዓትም አሻሽሏል። ያውም ድንጋይ በተነጠፈበት መንገድ ላይ፣ በጨለማ፣ አሯሯጭ ሳይኖረው። ዛሬ ያለው የጫማ ቴክኖሎጂ፣ የአሯሯጮች ሰልፍና የመጠጥ ጠረጴዛ ያኔ የት ነበር?

ፉክክሩ የሳሳ ነበር ለሚለውም መልስ አለ። ቶኪዮ ላይ አበበ አራት ደቂቃ የቀደመው ሰው ቤዚል ሂትሊ ነው። ይህ እንግሊዛዊ ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የዓለምን ፈጣን የማራቶን ሰዓት የሮጠ ነበር። ከፊት ሆኖ ሩጫውን ያከረረው ደግሞ የ10 ሺህ ሜትር ባለ ክብረ ወሰኑ አውስትራሊያዊ ሮን ክላርክ ነው። ሳስቶ ከነበረ፣ የሳሳው እነዚህ ባሉበት ነው።

ማሞ ወልዴን በተመለከተ ጸሐፊው ሜክሲኮ ከፍታ ቦታ ስለሆነች ለኛ ተመቸች ይላል። እውነት ነው፣ ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ወለል በላይ ከ2200 ሜትር በላይ ናት። ግን የማሞን ሙሉ መዝገብ እንይ። ወደ ኦሊምፒክ የመጣው በ1949 ሜልቦርን ላይ ነው፤ ያኔ የሮጠው 800 እና 1500 ሜትር ነበር። ቶኪዮ ላይ በ10 ሺህ 4ኛ ወጣ። ሜክሲኮ ላይ በ10 ሺህ በኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ በሰከንድ ሽርፍራፊ ተቀድሞ ብር ወሰደ። ከሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961፣ አበበ ተጎድቶ ካቋረጠ በኋላ ማራቶኑን ብቻውን ተሸክሞ አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ሙኒክ ላይ፣ ከፍታ በሌለበት ከተማ፣ በ40 ዓመቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ሮጦ ነሐስ አገኘ። ከሜክሲኮው ድሉ በአምስት ደቂቃ የፈጠነ ሰዓት ነው። ከፍታው ብቻ ቢሆን ያሸነፈው ይህን ከየት አመጣው? ከ800 ሜትር ተነስቶ በማራቶን የኦሊምፒክ ወርቅ የደረሰ ሰው በዓለም ላይ ስንት አለ?

ምሩጽ ይፍጠርም የሞስኮ ወርቆቹ በቦይኮት ምክንያት ቀለው ቀርበዋል። ሞስኮ ላይ ብዙ አገሮች ቀርተዋል፤ ኬንያም አልነበረችም። ይህ አይካድም። ግን ቦይኮት ምሩጽን የጠቀመውን ያህል አልጎዳውም? ሙኒክ ላይ በ10 ሺህ ነሐስ አገኘና የ5 ሺውን ሳይሮጥ ቀረ። በ1968 ሞንትሪያል ላይ አፍሪካውያን ሲወጡ እሱም አብሮ ቀረ። ያኔ ጉልበቱ በሙሉ አቅሙ ላይ ነበር። በ1969 እና በ1971 የዓለም ዋንጫ ውድድሮች ላይ ሁለቱንም ጊዜ 5 ሺህንም 10 ሺህንም አሸነፈ። ስለዚህ ሞስኮ የደረሰው ስምንት ዓመት ጠብቆ ነው።

እዚያም ቢሆን በ10 ሺህ ከተሸነፉት መካከል አራት የኦሊምፒክ ወርቅ ያለው ፊንላንዳዊው ላሲ ቪረን አለበት። ምሩጽ፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ እየተፈራረቁ ሩጫውን አንዴ እያፈጠኑ አንዴ እያቀዘቀዙ አደከሟቸው። ከዚያ ምሩጽ ማርሹን ቀየረ። በ5 ሺህ ደግሞ ሊያልቅ 300 ሜትር ገደማ ሲቀረው በሯጮች መሐል ታፍኖ ነበር። መሐመድ ወደ ጎን ፈቀቅ አለለትና መንገድ ከፈተለት። ምሩጽ በዚያች ክፍተት ወጣ። መሐመድ ራሱ በዚያ ውድድር ሜዳሊያ አላገኘም። እኔ ይህን ሩጫ ባየሁ ቁጥር የምመለከተው ያቺን አንድ እርምጃ ነው።

ቦይኮት ከተነሳ አይቀር፣ በላይነህ ዴንሳሞን ላንሳ። ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ሰዓቱን ለአሥር ዓመት የነካው አልነበረም። ክብረ ወሰኑን ከሰበረ አምስት ወር በኋላ የሴኡል ኦሊምፒክ ነበር። አገራችን አልሄደችም። ከሎስ አንጀለስም ቀርታ ነበር። አንድ ሙሉ ትውልድ በዚህ መሐል አለፈ። እነዚህን ሜዳሊያ ስለሌላቸው ካላስታወስናቸው በደሉን ደገምንባቸው ማለት ነው።

ከሩጫ ውጪ የሚታወስ የለንም የሚለው አባባል ግን ጭራሽ የሚያስደነግጥ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ የሆነውን ሰው እንዴት ይረሳል? የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነው። ተጋጣሚያችን ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው ግብጽ ናት፤ ያኔ በተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ስም የምትጫወተው። መጀመሪያ ያገቡት እነሱ ናቸው። ጨዋታው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ጭብጨባው ሳይበርድ የግብጹ ባዳዊ ሁለተኛውን አገባብን። ስድስት ደቂቃ ሲቀር አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ መለሰ፤ ሁለት ለሁለት። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። ሁለት ጊዜ ተመርቶ አራት ለሁለት ማሸነፍ! ዋንጫውን ንጉሠ ነገሥቱ ለሉቺያኖ ሰጡት። ከዚያ ወዲህ ያን ዋንጫ አላነሳንም።

ጸሐፊው በዚያ ውድድር የተካፈሉት አራት ቡድኖች ብቻ ናቸው ብሎ ያናንቀዋል። አዎ፣ አራት ነበሩ። ያኔ የአፍሪካ ዋንጫ እንደዚያ ነበር። ግብጾች ግን ከሦስት ቡድን መሐል የወሰዷቸውን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዋንጫዎች ዛሬም ይቆጥራሉ፤ ማንም አይከለክላቸውም። እኛስ የኛን ለምን እናሳንሳለን?

ሉቺያኖ ቫሳሎ ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያናዊ አባት አስመራ ተወለደ። ለድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ተጫወተ፤ ብሔራዊ ቡድኑን በአምበልነት መራ፤ አሠለጠነም። በደርግ ጊዜ አገር ጥሎ ጣሊያን ገባ። መስከረም 6 ቀን 2015 እዚያው አረፈ። በአፍሪካ ዋንጫ ታሪካችን ብቸኛውን ዋንጫ ከፍ ያደረገው ሰው ነው። ያረፈ ሰሞን እንኳ እዚህ አገር ስሙ የሚገባውን ያህል ሲነሳ አልሰማሁም።

ጋሽ ይድነቃቸው ተሰማንም ከዚህ ጋር አለማንሳት አይቻልም። የጊዮርጊስ ተጫዋች ነበሩ፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከመሠረቱት አንዱ ናቸው፤ ከ1964 እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ ነሐሴ 1979፣ በፕሬዚዳንትነት መርተውታል። አፓርታይድን የምታራምደው ደቡብ አፍሪካ ከስፖርቱ እንድትገለል በየስብሰባው አዳራሽ ዕድሜ ልካቸውን ተሟግተዋል። ደቡብ አፍሪካ ለመጨረሻ ጊዜ በኦሊምፒክ የታየችው አበበ ባሸነፈበት ሮም ላይ ነው። የተመለሰችው ከ32 ዓመት በኋላ ባርሴሎና ላይ፣ የአፓርታይድ ሕጎች ከፈረሱ በኋላ ነው። እዚያ፣ ነሐሴ 1 ቀን 1984፣ ደራርቱ ቱሉ 10 ሺህ ሜትርን አሸነፈች፤ ለጥቁር አፍሪካዊት ሴት የመጀመሪያው ወርቅ። ሁለተኛ የወጣችው ነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየር ነበረች። ሁለቱ ተያይዘው ስታዲየሙን ዞሩ። ያንን ዙር የጋሽ ይድነቃቸውን ሙግት ሳያውቁ ማየት ግማሹን ማየት ነው። ሩጫና እግር ኳስ በታሪካችን ውስጥ እንዲህ የተጋመዱ ናቸው።

ብስክሌትም አለ። በ1949 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስንሄድ የሄድነው በሯጮችና በብስክሌተኞች ነው። ገረመው ደንቦባ ከሜልቦርን በኋላ ሮምም ላይ ተወዳድሯል። አበበ ራሱስ ቢሆን የሩጫ ብቻ ነበር? መጋቢት 1961 የመኪና አደጋ ደርሶበት ከወገቡ በታች መንቀሳቀስ አቃተው። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ታከመ። እዚያው በሚካሄደው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። ቀጥሎ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ የውሻ ጋሪ ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 በ41 ዓመቱ ሲያርፍ ገና ወጣት ነበር። ለኔ ከሮም ይልቅ ያ ቀስት የያዘው አበበ ይበልጥብኛል።

መታሰቢያ ውዳሴ ነው የሚለው ደግሞ በከፊል ልክ ነው፤ ብዙ ጊዜ እንደዚያ እናደርገዋለን። ግን እንደዚያ መሆን የለበትም። ማሞ ወልዴ ከደርግ መውደቅ በኋላ በቀይ ሽብር ዘመን ተፈጸመ በተባለ ግድያ ተከሰሰ። ፍርድ ሳያገኝ ወደ ዘጠኝ ዓመት ታሰረ። እሱ ታዝዤ ቦታው ላይ ተገኘሁ እንጂ አልገደልኩም አለ። ፍርድ ቤቱ ጥር 1994 ጥፋተኛ ብሎ ስድስት ዓመት ፈረደበት፤ ከዚያ በላይ ታስሮ ስለነበር ተፈታ። ግንቦት 18 ቀን 1994 አረፈ። ይህም የማሞ ታሪክ ነው። ሜዳሊያውን ብቻ እያነሱ ይህን መዝለል ማሞንም፣ በዚያ ዘመን ልጆቻቸውን ያጡ ቤተሰቦችንም መበደል ነው። ይህንንም ያንንም አብሮ መያዝ ይቻላል።

የመጨረሻው ነጥብ የገንዘቡ ነው። ታዳጊዎች የመሮጫ ትራክ፣ ጫማና ምግብ ያስፈልጋቸዋል የሚለው ላይ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። ግን ማስታወስ የዚህ ጠላት አይደለም። አሰላ አካባቢ ያደገ አንድ ልጅ በ1972 የምሩጽን ድል በሬዲዮ ሰማ፤ እንደ ምሩጽ እሆናለሁ አለ። ያ ልጅ ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው። ኃይሌ ይህን ደጋግሞ ተናግሯል። የ10 ሺህ ሜትር ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያመጣልን ሰው የተነሳው ስለ ሌላ ሯጭ ከሰማው ወሬ ነው። ለዚያ የወጣው ወጪ የሬዲዮ ባትሪ ነው።

ደግሞ እኔ ሐውልት ይቁም እያልኩ አይደለም። የምጠይቀው የሚከብድ አይደለም። የ1954ቱ ጨዋታ በየዓመቱ ጥር 13 ቀን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይነሳ። አሠልጣኞች ለሠልጣኞቻቸው የሞስኮውን 5 ሺህ አብረው እያዩ ያስረዱ። በሕይወት ያሉት የቀድሞ ተጫዋቾች፣ ብስክሌተኞችና ሯጮች ድምፃቸው ይቀረጽ። አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ገፍቷል። ስልክ ያለው ሁሉ መቅረጫ ይዟልና፣ ጸሐፊውም ቢሆን በሚኖርበት ሰፈር አንድ አያጣም። ሄዶ ያነጋግረውና የሰማውን ይጻፍልን፤ እኔ ለማንበብ የመጀመሪያው ነኝ።